በድንጋይ ላይ የተጣበቁ ዕፅዋት ወራጅ ውሃ ድንጋይ እንዲያንቀሳቅስ የሚያግዙት እንዴት ነው?

በምዕራብ ጎጃም ዞን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር በጋ ላይ ረግተው የሚታዩ የወንዝ ድንጋዮች በክረምት ጎርፍ ከቦታቸው ይነሣሉ። ድንጋዩ የእርሻ ማሳን ሊሸፍን፣ የመስኖ ጠለፋን ሊያፈርስ፣ የድልድይ አፍን ሊዘጋ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ዕፅዋት በዚህ ሂደት ያላቸውን ድርሻና ነዋሪዎች ሊወስዱት የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

ውሃ ድንጋይን የሚያነሣበት መንገድ

በውሃ ውስጥ ያለ ድንጋይ በየብስ ካለው ይልቅ ይቀላል። 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጥቁር ድንጋይ 1 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚገፋ፣ በውሃ ውስጥ ክብደቱ ወደ 2 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ከዚህ በተጨማሪ ወራጁ ውሃ ድንጋዩን ወደ ፊት ይገፋዋል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግፊቱ ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል፤ ሊያንከባልለው የሚችለው የድንጋይ ክብደት ደግሞ በስሌት እስከ 64 እጥፍ ያድጋል።

የተጣበቀ ተክል የሚጨምረው

ተክል በድንጋይ ላይ ሲጣበቅ ወይም ሲጠላለፍ ሁለት ነገሮችን ያከናውናል።

1. ውሃው የሚገፋውን ስፋት ይጨምራል። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ነፋስ እንደሚነፋው ሸራ ሆነው ድንጋዩን ይጎትቱታል።
2. የሚንሳፈፍ ከሆነ ድንጋዩን ያቀለዋል። ከላይ በተጠቀሰው ድንጋይ ላይ 2 ሊትር ይዘት ያለውና 1.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ደረቅ እንጨት ቢያያዝ፣ የሁለቱ የውሃ ውስጥ ክብደት በአንድነት ወደ 1.2 ኪሎ ግራም ይወርዳል።

ይህ በጉልህ የሚታየው በባሕር ነው። ረጃጅም የባሕር አረሞች ሥር በሚመስል መያዣ ከወለሉ ድንጋይ ጋር ይጣበቃሉ፤ አንዳንዶቹም በቅጠሎቻቸው ግርጌ አየር የያዙ ፊኛዎች አሏቸው። አረሙ ሲያድግ ሞገድና ማዕበል ድንጋዩን ከነአረሙ አንሥተው ወደ ዳርቻ ይወስዱታል። እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1836 በቢግል መርከብ የተጓዘው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርለስ ዳርዊን፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ አንድ ሰው ወደ ጀልባ ለማንሣት የሚቸገርባቸውን ድንጋዮች የባሕር አረም ተሸክሟቸው መመልከቱን ጽፏል።

በአካባቢያችን ወንዞች

እንደ ብርና ላህ ባሉ ወንዞች ያን ያህል ትልቅ የውሃ አረም ባይኖርም ሕጉ አንድ ነው። ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የበቆሎ አገዳና ሣር ይዞ በድንጋዮች መካከል ይወትፋል። ክምሩ ውሃውን ሲያግተው ግፊቱ ይበረታል፤ ድንጋዩም ከነክምሩ ይሄዳል። በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በጭቃ የሚሠራ ባህላዊ የውሃ ጠለፋ በመጀመሪያው ከባድ ጎርፍ የሚፈርስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ተክል ጠባቂ የሚሆነው መቼ ነው?

ከላይ የተገለጸው የወንዝ ዳር ዕፅዋትን ለመቁረጥ ምክንያት አይሆንም። በልቅ ድንጋይ ላይ የተያዘ ተክል ድንጋዩን ያስጉዛል፤ በዳርቻው አፈር ውስጥ በጥልቀት ሥር የሰደደ ተክል ግን አፈሩን አስሮ ይይዛል፣ የጎርፉንም ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ እንደ ዝሆኔ ሣርና ቬቲቨር ያሉ ዕፅዋት በዳርቻ ላይ መተከላቸው ይበረታታል።

ነዋሪዎች ሊያደርጉት የሚገባ

• ሰኔ ከመግባቱ በፊት በድልድይ፣ በቱቦና በመስኖ ጠለፋ አፍ የተከማቸ ቅርንጫፍና አገዳ ይነሣ። የተነሣውም ጎርፍ ከሚደርስበት ቦታ ይራቅ።
• ከምርት በኋላ የሚቀር አገዳ በወንዝ ዳር አይከመር።
• የዳርቻ ዛፍና ሣር አይቆረጥ፤ ከብት በዳርቻው እንዳይለቀቅ ጥንቃቄ ይደረግ።
• ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ አይሻገሩ። ከደፈረሰው ውሃ በታች ድንጋይና ግንድ ሊጓዝ ይችላል፤ የሚረግጡት ድንጋይም ሊከዳዎት ይችላል።

ምክርና ድጋፍ ለማግኘት

የወንዝ ዳር ተከላንና የውሃ ጠለፋን በሚመለከት በቀበሌዎ የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ያነጋግሩ። በድልድይ ወይም በመንገድ ቱቦ ላይ የሚታይ መዘጋትና ጉዳት ሲኖር ቦታውን ለይተው ለቀበሌው አስተዳደር ወይም በወረዳው ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ውሃው ከመሙላቱ በፊት የሚደረግ ማሳወቅ ለሥራውም ለሕይወትም የተሻለ ዋስትና ነው።