ከእንስሳት ሙከራ በፊት፦ ስለ አማራጭ ዘዴዎች መረጃ እንዴት ይገኛል?

የቦራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ዓለም ጤና ዙሪያ አንድ አርሶ አደር ፍየሉን ወይም ጥጃውን ሲያስከትብ፣ ክትባቱ ከየት እንደመጣ ብዙውን ጊዜ አይጠይቅም። ከእነዚህ ክትባቶች ብዙዎቹ የሚመረቱት በቅርብ ርቀት፣ እ.ኤ.አ በ1964 በቢሾፍቱ በተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ነው። በዚያው ከተማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ተማሪዎችን ያሠለጥናል፤ የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ጥራት መመርመሪያ ማዕከልም ይገኛል። ስለዚህ ለምርምርና ለትምህርት እንስሳትን መጠቀም፣ ሊተካም መቻሉ፣ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነዋሪ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አማራጭ ዘዴ ማለት እንስሳትን ከነጭራሹ ከሙከራ ማስወጣት ብቻ አይደለም። እንግሊዛውያኑ ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ሦስት ነገሮችን ለይተው አስቀምጠዋል። የመጀመሪያው እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት ነው። ሁለተኛው ይህ ካልተቻለ የእንስሳቱን ቁጥር መቀነስ፣ ሦስተኛው ደግሞ በማይቀረው ሙከራ ሕመምንና ጭንቀትን ማቃለል ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸው መርሆች እነዚሁ ናቸው።

የመተካትን ጥቅም ለማሳየት ከደስታ በሽታ ታሪክ የተሻለ ምስክር የለም። ይህ የከብት ወረርሽኝ በአጼ ዮሐንስ ዘመን ማብቂያ ወደ አገሪቱ ገብቶ አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ ተስኖት «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ ተከተለ። በኋላ የተገኙት የቀድሞ ክትባቶች ቫይረሱን በፍየል ወይም በጥንቸል አካል እያሳለፉ የሚሠሩ ነበሩ፤ ክትባቱን ለማዘጋጀት እንስሳቱ መታረድ ነበረባቸው። የፍየሉ ክትባት ደግሞ አንዳንድ የከብት ዝርያዎችን ክፉኛ ያሳምም ነበር። ዋልተር ፕሎውራይት የተባለው የእንስሳት ሐኪም በኬንያ ሙጉጋ ከባልደረቦቹ ጋር ቫይረሱን በብልቃጥ ውስጥ በሚያድጉ የጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ማራባት ቻለ። አዲሱ ክትባት ርካሽ፣ ወጥ ጥራት ያለውና ለየትኛውም ዝርያ የሚስማማ ሆነ። በኋላም ሙቀት ተቋቁሞ የሚቆየው ዓይነት በአፋር በረሃ ከአርብቶ አደሩ መካከል በሠለጠኑ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች እጅ ተሰጠ። በሽታው እ.ኤ.አ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ፍየሏን ያተረፈው መንገድ በሬውንም አተረፈ ማለት ይቻላል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ለሰው ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። የተነከሰ ሰው ለተከታታይ ቀናት በሆዱ ላይ ይወጋ እንደነበር በዕድሜ የገፉ የአዳማና የመቂ ነዋሪዎች ያስታውሳሉ። ከአንጎል የሚሠራው ክትባት በአንዳንዶች ላይ የነርቭ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ ከ1984 ጀምሮ በሕዋስ ላይ በሚራባው ክትባት እንዲተካ ሲመክር ቆይቷል። ይኸኛው ጥቂት ጊዜ ብቻ በክንድ ላይ ይወጋል።

ይሁንና ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም። ለብዙ ክትባቶች የሚያገለግለው «ቬሮ» የተባለው የሕዋስ ዘር እ.ኤ.አ በ1962 በጃፓን ከአንዲት ጦጣ ኩላሊት የተወሰደ ነው፤ ሕዋሳቱም ብዙውን ጊዜ የሚመገቡት ከከብት ሽል ደም የሚገኝ ፈሳሽ ነው። አዲስ የሳምባ በሽታ ክትባት በእርግጥ ከብትን ይከላከል እንደሆነ ለማወቅም መጨረሻው በከብት ላይ መሞከር ነው።

በትምህርት ዘርፍ ግን የመተካት ዕድሉ ሰፊ ነው። ላም የማዳቀል ሥልጠናን እንውሰድ። ጀማሪ ሠልጣኞች እየተፈራረቁ እጃቸውን በአንዲት ላም ውስጥ ቢያስገቡ ላሟ ትጎዳለች፤ ባለቤቷም ይከስራል። ከቄራ በሚገኝ የታረደች ላም ማኅፀን ላይ አስቀድሞ መለማመድ ይህን ይቀንሳል። ቁስል መስፋትን በሰው ሠራሽ ቆዳ፣ የአካል ክፍሎችን በሞዴልና በኮምፒውተር፣ በሽታን መመርመርን ደግሞ ለሕክምና በመጡ በሽተኛ እንስሳት ላይ በመምህር እየተመሩ መማር ይቻላል። የመጨረሻው፣ በአግባቡ ከተሠራ፣ ለአህያዋም ለተማሪውም ይበጃል።

ታዲያ መረጃው የት ይገኛል? ብዙው በነጻ ይገኛል። ለትምህርት የሚያገለግሉ ሞዴሎችንና ፊልሞችን የሚዘረዝር «ኖሪና» የተባለ የመረጃ ቋት በኖርዌይ እ.ኤ.አ በ1991 ተጀምሮ አሁን «ኖሬኮፓ» በተሰኘው ተቋም ይተዳደራል። «ኢንተርኒች» የተባለው ዓለም አቀፍ መረብ የማስተማሪያ ሞዴሎችን ለተቋማት በውሰት ይሰጣል። በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የእንስሳት ደኅንነት መረጃ ማዕከል የአፈላለግ መመሪያ ያቀርባል። በክፍያ የሚነበቡ የሳይንስ መጽሔቶችን ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የዓለም ጤና ድርጅት በሚመራው «ሂናሪ»ና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሚመራው «አጎራ» በኩል ማግኘት ይችላሉ። «ፐብሜድ» በተባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ውስጥም ጉዳዩ «አኒማል ቴስቲንግ ኦልተርናቲቭስ» የሚል የራሱ ርዕስ አለው።

ፍለጋው ከንቱ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ «አማራጭ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ሲጀመር ነው። በሽታውን፣ የእንስሳውን ዓይነትና የሚደረግበትን ነገር በየስማቸው መጻፍ፣ ከዚያም «ሞዴል»፣ «የሕዋስ እርባታ»፣ «ማደንዘዣ» የመሳሰሉትን በእንግሊዝኛ ስማቸው መጨመር ይሻላል። በየትኛው ቋት፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ቃላት፣ የየትኛው ዘመን ጽሑፎች እንደተፈለጉ መመዝገብም ግድ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥናቱን ሲገመግም የፍለጋውን እውነተኛነት የሚያረጋግጥበት መዝገብ ይህ ነው። ከሁሉም በላይ ጊዜው ወሳኝ ነው፤ ጥናቱ ከተነደፈና በጎቹ ከተገዙ በኋላ የሚደረግ ፍለጋ ወረቀት ከመሙላት አያልፍም።

ላሙን ወይም አህያውን ለሥልጠና ወይም ለጥናት እንዲያቀርብ የተጠየቀ አርሶ አደርም ጥቂት ጥያቄዎች ቢያነሳ ነውር የለበትም። በእንስሳው ላይ ምን ይደረጋል? ስንት ሰው ይነካዋል? ሕመሙ በምን ይታገሣል? ቢጎዳ ማን ያክመዋል፣ ካሳውስ? ሌላ ዘዴስ ተፈልጎ ነበር? የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥያቄዎቹን ተቀብሎ ለሚመለከተው ተቋም ሊያቀርብ ይችላል፤ መልሱም ላሟ ከበረት ከመውጣቷ በፊት መምጣት አለበት።