ሰማዕት

ሰማዕት ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ዝም ብሎ አንገቱን ለሰይፍ የሚሰጠውን ነው። በግእዝ ግን «ስምዕ» ምስክርነት ነው፤ ሰማዕትም ምስክር። ምስክር ደግሞ አፉን ይከፍታል።

«ቻለው» ባዮች (ከለቅሶ ቤት እስከ ዐውደ ምሕረት አይጠፉም) መከራን ስለ መታገሥ የሚናገረውን የሐዋርያው ጴጥሮስን መልእክት ይጠቅሳሉ። ድሀን በጫማ ዋጋ የሸጡትን የገሠጸውን ነቢዩ አሞጽን ግን ብዙም አያነሱም።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣልያን ጥይት የተገደሉት ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ጠመንጃ አላነሱም። ወራሪውን የሚዋጉትን አርበኞች «ሽፍታ» ብለው እንዲያወግዙ ቢጠየቁ ግን እምቢ አሉ፤ ይባስ ብለው ለወራሪው እንዳትገዛ ምድሪቱን ገዘቱ። መከራውን የተቀበሉት ይህን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ ነው።

ሌላው ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ በጣልያኖች እጅ ተገደሉ።