የሠለጠነው ውሻ፦ ከዐዲይ ጥያቄ እስከ ፓዌ ዱር

ውሻ ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ነጃሳ፣ ሰባት ጊዜ የሚታጠብ ዕቃና ከደጅ የሚባረር እንስሳ ነው። ይህ ከዲናችን የተማርነው ሥርዓት በመሆኑ አንነቅፈውም። ነገር ግን በዚያው ሸሪዓ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳንገልጠው የምናልፈው ሌላ ምዕራፍ አለ። እርሱም ስለ አደን ውሻ የተደነገገው ነው። ይህ ምዕራፍ በሩቅ ዐረቢያ የቀረ ወግ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ምዕራብ፣ በመተከል ዞን በምትገኘው ፓዌ፣ ከጎረቤት ጋር የመኖርና ያለመኖር ጥያቄን የሚነካ ነው።

የዐዲይ ጥያቄ

ዐዲይ ቢን ሓቲም (ረ.ዐ.) የጠዪእ ጎሣ አለቃ፣ ዐረቦች የቸርነት ምሳሌ ያደረጉት የሓቲም አጥ-ጧኢይ ልጅ ነው። አገሩ በሰሜን ዐረቢያ ሲሆን ሕዝቡ በአደን የታወቀ ነበር። እስልምናን በተቀበለ ጊዜ ስለ ዕለት ኑሮው ጠየቀ፦ ውሾቻችን የሚይዙት አውሬ ለእኛ ሐላል ነውን?

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡት መልስ ዝርዝር ነበር። ውሻው የሠለጠነ ከሆነ፣ ባለቤቱ የአላህን ስም አውስቶ ከላከውና የያዘውን ካልበላው፣ አውሬው ሞቶ ቢደርስ እንኳ ይበላል። ውሻው ከበላለት ግን የያዘው ለራሱ ነውና አይበላም። ሌላ ውሻ ከተቀላቀለና የትኛው እንደገደለ ካልታወቀም ይተዋል፤ ምክንያቱም ቢስሚላህ የተባለው በላከው ውሻ ላይ እንጂ በሌላው ላይ አይደለም። አቡ ሠዕለባ አል-ኹሸኒይ (ረ.ዐ.) በጠየቁ ጊዜ ደግሞ ያልሠለጠነ ውሻ የያዘው በሕይወት ከተደረሰበትና ከታረደ እንደሚበላ ተነግሯቸዋል።

የሱረቱል ማኢዳህ 4ኛ አንቀጽም ይህንኑ ይደነግጋል። ሰው ለእንስሳው የሚያስተምረው አላህ ለራሱ ካስተማረው ዕውቀት ቀንሶ መሆኑንም ያስታውሳል። ኢማም ኢብኑል ቀይዪም (በ751 ዓ.ሂ. የሞቱት) ከዚህ የዕውቀትን ክብር አውጥተዋል። ሁለቱም ውሾች ናቸው፤ የተማረው የያዘው ሲበላ ያልተማረው የገደለው ይጣላል። ታዲያ በሁለቱ መካከል ከትምህርት በቀር ምን ልዩነት አለ?

ማሠልጠን ምን ማለት ነው?

የፊቅህ ሊቃውንት ውሻ ሠልጥኗል የሚባልበትን መለኪያ አስቀምጠዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሲልኩት የሚሄድ፣ ሲከለክሉት የሚቆም፣ የያዘውን ሳይበላ የሚጠብቅና ይህንንም ደጋግሞ ያሳየ መሆን አለበት። ከሐነፊዮች አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ሦስት ጊዜ ሳይበላ መመለሱን መለኪያ አድርገዋል። ኢማም ማሊክ በበኩላቸው ቢበላለትም እንኳ ቀሪውን ፈቅደዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ አለመብላት ነው። የተራበ ውሻ ትኩስ ደም በአፉ ይዞ ጌታውን እንዲጠብቅ ማድረግ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። ሥራው ከምርጫ ይጀምራል። አዳኞች ብዙ ጊዜ ቡችላ የሚወስዱት በአደን ከተፈተኑ ወላጆች ነው። ቡችላው ስሙንና የጌታውን ድምፅ ይለያል፤ ሲጠሩት መምጣትን ይለምዳል። ከፍ ሲል ከነባሮቹ ውሾች ኋላ እየሮጠ ዱካ ማሽተትን፣ ጥንቸል በየት እንደምትታጠፍ፣ ጃርት ፊት ለፊት እንደማይደፈር ይማራል። ድርሻውን ከአደኑ በኋላ ከጌታው እጅ ሲቀበል መጠበቅ እንደሚያዋጣ ይገባዋል። ዱላ ብቻ የበዛበት ውሻ ግን ጌታውን ይሸሻል እንጂ አይታዘዝም።

የሙስሊሞች ታሪክ በዚህ ዕውቀት የበለጸገ ነው። በዱዊዎች ሰሉቂ የሚባለውን ቀጭን ፈጣን ውሻ ከሌሎች ውሾች ለይተው ዘሩን ጠብቀዋል፤ ወደ ድንኳናቸውም አስገብተውታል። አል-ጃሒዝ ስለ እንስሳት በጻፈው ትልቅ መጽሐፉ ለውሻ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በሻም የሸይዘር ምሽግ ሰው የነበረው ኡሳማ ቢን ሙንቂዝ (እ.ኤ.አ. 1095–1188) በትዝታ መጽሐፉ የአባቱን አደን ተርኳል። እኚህ አባት ወፎችንና ውሾችን ለአደን ከቁስጥንጥንያ ድረስ ያስመጡ ነበር። እኚሁ ሰው ቁርኣንን በእጃቸው ከ40 ጊዜ በላይ የገለበጡ ናቸው። የአደን ውሻ መያዝና የአላህን መጽሐፍ መጻፍ በአንድ ሰው ሕይወት ሳይጋጩ ኖረዋል።

ወደ ፓዌ ስንመለስ

አሁን ውድ አንባቢያን፣ ወደ በለስ ሸለቆ እንሂድ። ይህ ቆላ የጉሙዝ ሕዝብ አገር ነው። ጉሙዝ ማሽላና ዳጉሳ ያመርታል፤ ማር ይቆርጣል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ በቀስት፣ በጦርና በውሻ ያድናል። በበጋ ረጅሙ ሣር ሲቃጠል ሚዳቋው፣ ጥንቸሉ፣ ጅግራውና ቆቁ ከተደበቀበት ይወጣል። የቆላ ዝንብ ገንዲን እያስተላለፈ ከብት በሚፈጅበት አገር የአደን ሥጋ መዝናኛ ሳይሆን ጉርሻ ነው።

የዚህ ሕዝብ ታሪክ መራራ ገጽ አለው። አዳኙ ራሱ ለዘመናት ታድኗል። ከደጋ የወረዱ ገዥዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1821 በኋላ ደግሞ ከሱዳን በኩል የመጣው የግብፅ ጦር፣ የአካባቢው ባላባቶችና ነጋዴዎችም ጭምር፣ በዚህ ድንበር የሚኖሩትን ሕዝቦች ለባርነት ፈንግለዋል። ከእነዚህ መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበሩ፤ ይህን መደበቅ ፍትሕ አይደለም። ባርነትን የሚሽረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስድቡና ንቀቱ ግን ከአዋጁ በኋላም ቆየ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ ወሎን ባደቀቀ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ ወገኖችን ወደ ፓዌ አሠፈረ። ቁጥራቸው ወደ 80 ሺህ ይጠጋ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎች ሙስሊሞች ናቸው። በቀጣዩ ዓመት በኢጣሊያ መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ። ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ በቡልዶዘር ጫካውን መነጠረ፤ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች ተመሠረቱ። ሠፋሪው በፈቃዱ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ብዙዎችን ወባ ቀጠፋቸው። የጉሙዙ አዳኝ ደግሞ ዱሩን አጣ። ውሻውን የሚልክበት ሣር በቆሎና ማሽላ ተዘራበት። ሁለት የተበደሉ ወገኖች በአንድ መሬት ላይ ተገናኙ።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ግጭት ተነሥቷል። በ2012 እና 2013 ዓ.ም. በመተከል የፈሰሰው የንጹሐን ደም ከሁሉ የከፋው ነበር። የእነዚህ ግጭቶች ምክንያት ብዙ ነው፤ መሬትና ፖለቲካ ዋናዎቹ ናቸው። ይሁንና ጎረቤቱን ከውሻው ጋር ቆጥሮ «ከዱር የወጣ» የሚል አንደበት ለእሳቱ ማገዶ ሆኖ እንደሚያገለግል ማን ይክዳል?

ለእኛ ያለው ትምህርት

እስቲ እናስተውል። ሸሪዓችን ውሻውን እንኳ በዕውቀቱ ካከበረ፣ ውሻውን ያስተማረውን ሰው እኛ እንዴት እንንቃለን? ቡችላውን መርጦ፣ ድምፁን አስለምዶ፣ ሆዱን እንዲገታ ያሠለጠነው ሰው አላህ ከሰጠው ዕውቀት አካፍሎታል። ከጉሙዞች መካከልም፣ በተለይ በጉባ፣ ሙስሊም ወንድሞቻችን አሉ።

ንቀትን መተው ማለት ድንበርን ማፍረስ አይደለም። ከርከሮና ዝንጀሮ ማንም ቢያድናቸው ሐላል አይሆኑም። ውሻውን የሚልከው ሰው ማንነትም በሊቃውንት ዘንድ መስፈርት አለው። ነገር ግን ጎረቤት ጥንቸል ወይም ሚዳቋ በሕይወት ይዞ ቢያመጣ በሸሪዓው ደንብ ታርዶ ይበላል፤ ይህ በሩን በጨዋነት ክፍት ያደርጋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለእርሻ፣ ለመንጋና ለአደን የሚያዘውን ውሻ ከክልከላው ለይተዋል። የማሽላ ማሳውን ከአውሬ በውሻ የሚጠብቅ የፓዌ ገበሬም በዚህ ፈቃድ ውስጥ ነው። አደኑ ራሱ በዱር እንስሳት ሕግ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑንም አንርሳ፤ ዱሩም እንስሳውም አማና ናቸውና።

የሠለጠነ ውሻ የያዘውን ለራሱ ሳይበላ የላከውን ይጠብቃል። ሰው ደግሞ አንደበቱንና እጁን ከጎረቤቱ ላይ መግታትን ከተማረ፣ ከዚህ የበለጠ ሥልጠና ምን አለ? አላህ የፓዌንና የመተከልን ሕዝብ ሰላም ያድርግ። ወላሁ አዕለም።