የገበሬዋን ወጥ ቤት ዩኒቨርሲቲ ያስገባችው መምህርት

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው። ማርታ ቫን ሬንሰለር በ1864 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ራንዶልፍ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደች። መምህርት ኾና ካገለገለች በኋላ በ1890ዎቹ የአውራጃዋ ትምህርት ቤቶች ኀላፊ ኾና ተመረጠች። ሥራው የገጠር ትምህርት ቤቶችን እየተዘዋወሩ መጎብኘት ነበርና የገበሬ ሚስቶችን ኑሮ በቅርብ ለማየት ዕድል አገኘች።

በዚያ ዘመን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስለ እርሻ አሠራር የሚያስተምሩ ጽሑፎችን ለገበሬዎች በፖስታ ይልክ ነበር። ተቀባዮቹ ግን ወንዶቹ ነበሩ። ውኃ የምትቀዳው፣ ዳቦ የምትጋግረው፣ ወተት የምትንጠውና ልጅ የምታሳድገው ሴት የሚደርሳት ትምህርት አልነበረም። የእርሻ ምሁሩ ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1900 ማርታን ጋበዛት።

ማርታ ሥራዋን የጀመረችው በመጠየቅ ነው። ለገበሬ ሚስቶች ደብዳቤ ጽፋ በምን ልትረዳቸው እንደምትችል ጠየቀች። በ1901 የወጣችው የመጀመሪያዋ ጽሑፍ ርእስም «ርምጃን መቆጠብ» የሚል ነበር። ወጥ ቤት እንደ ማንኛውም የሥራ ቦታ በዕቅድ ከተደራጀ የሴቲቱ ጉልበትና ጊዜ ይተርፋል የሚል ሐሳብ የያዘች ናት። ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ቀኑን ሙሉ በማጀትና በጉድጓድ ውኃ መካከል ስትመላለስ ለምትውል ሴት ግን ቀላል ነገር አልነበረም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጽሑፎቹን ለመቀበል የተመዘገቡት ሴቶች ከ20 ሺህ በላይ ኾኑ።

በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ግን ኹሉም በበጎ አልተቀበላትም። ስለ ዕቃ ማጠቢያ ጨርቅና ስለ ባክቴሪያ ለማወቅ ፈልጋ አንድ ፕሮፌሰር ዘንድ ስትሄድ፣ ለሴቶቹ ባክቴሪያን ማወቅ እንደማያስፈልጋቸው፣ ይልቁንም ጥሩ ጣፋጭ ምግብ መሥራት ብታስተምራቸው እንደሚሻል መለሰላት። በጨርቁ ተጠርጎ በሚቀርብ ሳህን የሚበላው ቤተሰቡ በሙሉ መኾኑን ፕሮፌሰሩ የዘነጉት ይመስላል። ማርታ ምክሩን አልተቀበለችም፤ ቆየት ብሎ በቤት ውስጥ ስለሚገኙ ባክቴሪያዎች የሚያስረዳ ጽሑፍ በስሟ ታትሞ ወጥቷል።

በ1907 የሥነ ምግብ መምህርቷ ፍሎራ ሮዝ መጣችና ኹለቱ የቤት አያያዝ ትምህርት ክፍሉን በጋራ መሩት። በ1911 የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ጉዳይ ሲነሳ የመምህራኑ ጉባኤ በጥቅሉ የሴቶችን ፕሮፌሰርነት እንደማይደግፍ ገልጾ፣ በዚህ የትምህርት ክፍል ብቻ ግን እንደማይቃወም ወሰነ። በዚህ መንገድ ማርታና ፍሎራ በኮርኔል ሙሉ ፕሮፌሰር የኾኑ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ኾኑ። ማርታ የመጀመሪያ ዲግሪዋን እዚያው ያገኘችው ከኹለት ዓመት በፊት ብቻ፣ በ45 ዓመቷ ነበር። ትምህርት ክፍሉ በ1925 ራሱን የቻለ ኮሌጅ ኾነ።

ማርታ በ1932 አረፈች። በቀጣዩ ዓመት የተጠናቀቀው የኮሌጁ ሕንፃም በስሟ ተሰየመ። በዚያው 1933፣ ሥራ አጥነት በአሜሪካ በተስፋፋበት ወቅት፣ ቀዳማዊት እመቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ፍሎራ ሮዝና ባልደረቦቿ ለችግረኛ ቤተሰቦች ያዘጋጁትን ርካሽ ምሳ በዋይት ሃውስ አቀረበች። ገበታው በቲማቲም ስልስ የቀረበ እንቁላል፣ የተፈጨ ድንች፣ ዳቦ፣ ከደረቀ ፕሪም የተሠራ ጣፋጭና ቡና ነበረበት። ዋጋው ለአንድ ሰው ሰባት ሳንቲም ተኩል ነበር።