የወንጀል ቈጠራና የተበዳይ ቃል

በአንድ አገር ውስጥ በዓመት ስንት ወንጀል እንደ ተሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ አስቀድሞ «ማን ቈጠረው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፥ ቈጣሪው በተለወጠ ቍጥር የወንጀሉም መጠን እንዴት እንደ ተለወጠ፥ ተበዳዩም ከቈጠራው ውጭ ምን ያህል ዘመን እንደ ቈየ ማሳየት ነው።

የአገሩን የወንጀል ስታቲስቲክ በየዓመቱ በማሳተም ፈረንሳይ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። የ1825ን ዓመት የሚመለከተው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1827 እ.ኤ.አ. ወጣ። የተመዘገቡት ግን ለፍርድ የቀረቡ ክሶች፥ ተከሳሾችና ቅጣቶች ነበሩ። ቤልጂጋዊው የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ይህን መዝገብ መርምሮ፥ በታወቀውና ባልታወቀው ወንጀል መካከል ያለው ልክ የማይለዋወጥ ካልሆነ፥ ከቍጥሩ የሚገኘው አስተያየት መሠረት እንደሌለው አስገነዘበ። ያልታወቀውን ለማወቅ ግን ተበዳዩን የጠየቀ አልነበረም።

በአሜሪካ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቈጠራው ከፖሊስ መዝገብ ይሰበሰብ ጀመር። ይህ ወንጀሉ ወደ ተሠራበት ስፍራ አንድ እርምጃ መቅረብ ነው፤ ሆኖም ተበዳዩ ያላመለከተውን ፖሊስ ሊመዘግበው አይችልም። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ያቋቋሙት ኮሚሲዮን ስለዚህ ወደ 10,000 ቤተ ሰቦች ጠያቂዎች ላከ። በ1967 በወጣው መግለጫ መሠረት፥ ቤት ሰብሮ መስረቅ ለፖሊስ ከተነገረው ሦስት እጥፍ፥ ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስም ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ ዝም ያሉበት ምክንያት «ፖሊስ ምንም ሊያደርግልን አይችልም» የሚል ነበር።

ይህ ዐይነቱ ጥያቄ በአሜሪካ ከ1972፥ በብሪታንያም ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቋሚ ሥራ ሆነ። ጕድለት ግን አለበት፤ የተገደለ ሰው አይጠየቅም፤ መታለሉን ያላወቀም ሰው አይመሰክርም።

ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓታችን የተበዳይ ስፍራ ከፍ ያለ ነበር። ሰው ሲገደል፥ ደም ወይስ ካሳ የሚለውን የመምረጥ መብት የሟቹ ዘመዶች ነበር። ንብረት የጠፋበት ሰው ሲያመለክትም የአካባቢው ሕዝብ አፈርሳታ ተቀምጦ ጥፋተኛውን ያወጣ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የ1954 ዓ.ም. ሥነ ሥርዓት ክሱን በመሠረቱ ለዐቃቤ ሕግ ሰጡ። ይህም በቀልን ለመግታት የበጀ ነው። ቢሆንም አንዳንድ ወንጀሎች በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ እንዲከሰሱ፥ ተበዳዩም በዚያው የወንጀል ክስ ካሳ እንዲጠይቅ በር ተከፍቶለታል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1985 እ.ኤ.አ. የወንጀል ተበዳዮችን መብት የሚመለከት መግለጫ ሲያጸድቅ፥ እንዲሰሙና እንዲካሱ መጠየቁ ምጽዋት አይደለም። ከታሪኩ የምንማረው፥ ተበዳይ የሚናገረው የሚሰማው መኖሩን ሲያምን ብቻ መሆኑን ነው። ፍርድ ቤት የምስክርነት ቃሉን ተቀብሎ ባዶ እጁን የሚሰደው ሰው ሁለተኛ ጊዜ አያመለክትም። በዚያን ጊዜ ቍጥሩ ይቀንሳል፤ ባለሥልጣኑም ወንጀል ቀነሰ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ጥበቃውም ይበልጥ ከሚያስፈልግበት ሰፈር ይነሣል። እንግዲህ የተበዳዩን መብት መጠበቅና ትክክለኛ ቈጠራ ማግኘት አንድ ሥራ እንጂ ሁለት አይደሉም።