ዱላ የሌለበት ቅብብል

«ዱላ ቅብብል» ሲባል ለብዙ አንባቢ የሚታየው የአትሌቲክሱ የ4 በ100 ሜትር ሯጮች ከእጅ ወደ እጅ የሚያስተላልፉት አጭር ዘንግ ነው። በሮለር ስኬቲንግ ግን ዱላ የለም። ስለዚህ ለዚህ ስፖርት «ቅብብል» ማለት ብቻ ይበቃል፤ «ዱላ» ሲጨመርበት አንባቢ የሌለ ነገር እንዲፈልግ ያደርጋል።

እዚህ የሚተላለፈው ፍጥነት ነው። ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበትን ጫማ ያጠለቀው ተወዳዳሪ ተራውን ሲጨርስ፣ ቀድሞ መንሸራተት የጀመረውን የቡድን ጓደኛውን ከኋላ ደርሶ ይገፋዋል። ግፊቱ ከላላ ተረካቢው የጎደለውን ፍጥነት በራሱ እግር ማካካስ አለበት። ግፊቱ ያላግባብ ከበረታ ደግሞ ሚዛኑን ያሳጣዋል።

አጨራረሱም ከሩጫ ይለያል። በአትሌቲክስ የሚቆጠረው ደረት ነው፤ እዚህ የሚቆጠረው ቀድሞ መስመሩን የሚያልፈው ጫማ ነው።

ይህ ልዩነት በቻይናዋ ሃንግዙ በተካሄደው 19ኛው የእስያ ጨዋታዎች በግልጽ ታየ። ጨዋታዎቹ «2022» የሚለውን ስም ቢይዙም፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የተካሄዱት በ2023 ነበር። በወንዶች 3000 ሜትር ቅብብል የደቡብ ኮሪያው ጁንግ ቾል ዎን መስመሩ ጋ ሳይደርስ ቀና ብሎ ሁለት እጁን ለድል አነሳ። ከጎኑ የነበረው የታይዋኑ ሁዋንግ ዩ ሊን ግን ግራ እግሩን ወደፊት ዘረጋ። ታይዋን 4:05.692፣ ኮሪያ 4:05.702 ተመዘገበላቸው፤ ወርቁ የታይዋን፣ ብሩ የኮሪያ ሆነ።

በኮሪያ ሕግ የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ወንድ ስፖርተኛን ከመደበኛው የውትድርና ግዳጅ ነጻ ያደርጋል፤ ብር ግን አያደርግም። ጁንግ የቡድን ጓደኞቹን ይቅርታ ጠይቋል።