በአምቡሊ ዙሪያ ስለሚገኙ ሰፈሮች ስም አመጣጥ

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለሚማሩ ዕጩ መምህራን የሰፈራቸውን ስም መነሻ ጽፈው እንዲያመጡ ባዘዝሁ ጊዜ፣ ስሙ ከቁጥር ከተገኘ ሰፈር የመጡት ባዶ ወረቀት ይዘው ቀረቡ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ቁጥር ታሪክ የለውም» አሉኝ። ይህ አስተያየት የተሳሳተ መሆኑን ለማስረዳት የጎረቤታችን የጅቡቲ ከተማ ክፍል ከሆነው ከአምቡሊና ከአካባቢው የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምቡሊ የሰፈር ስም ብቻ ሳይሆን የወንዝም ስም ነው። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይታያል፤ ከአሸዋው በታች ግን ውሃ አለ። የከተማዪቱ መመሥረት ምክንያት አንዱ ይኸው ውሃ ነበር። ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን በውል ከያዙ በኋላ፣ ወደ ሐረር ለሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ የሚቀርብና ውሃ የማያሳጣ ስፍራ ፈልገው ከ1888 ጀምሮ በጅቡቲ መቀመጥ ጀመሩ። ከአምቡሊ ጉድጓዶች የሚቀዳው ውሃ ነዋሪውን አጠጣ፤ በዳርቻው የተተከሉት የቴምርና የአትክልት ቦታዎችም ለዚያ ጠፍ ምድር ጌጥ ሆኑ። ሆኖም ወንዙ ሲቆጣ አይመለስም፤ በሚያዝያ 2004 የወረደው ጎርፍ ብዙ ነፍስ አጥፍቷል።

ከዚያው አጠገብ ነጋድ የሚባል ስፍራ አለ፤ ከአዲስ አበባ የሚወርደው አዲሱ ባቡር የሚያርፍበት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስም ሲሰማ ወዲያው «ንግድ» እና «ነጋዴ» ትዝ ይሉታል። ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም፤ በሶማልኛና በዓፋርኛ ምድር የሚገኝን ስም በአማርኛ መዝገብ ብቻ መፍታት ታላቅ ስሕተት ላይ ይጥላል። በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለው የሌሞኒዬ ሰፈር ደግሞ ስሙን ያገኘው በ1945 በኢንዶቺን በጃፓኖች እጅ ከተገደለ ፈረንሳዊ ጄኔራል ነው። ሰውዬው የሞተበት አገር ሩቅ ነው፤ ዛሬ በሰፈሩ ውስጥ ያለው ጦርም የአሜሪካ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በባሕሩ በኩል ያሉት የፈረንሳዮቹ ከፍታዎች የእባብ፣ የማራቡና የሽመላ ዓይነት ወፍ ስም ሲሰጣቸው፣ የአገሬው ሰው የሚኖርባቸው ሰፈሮች ከ1 እስከ 7 በቁጥር ተጠሩ። ቁጥሩ ሲያልቅና ሕዝቡ ሲበዛ «7 ቢስ» የሚባል ተጨመረ። (በፈረንሳይኛ «ቢስ» ማለት ደግሞ፣ ሁለተኛ ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ገደ ቢስ» እንደምንለው እንዳይመስል።) እንግዲህ ለአንዱ ወፍ፣ ለሌላው ቁጥር መሰጠቱ ራሱ ታሪክ ይናገራል፤ ስም አውጪው ማንን በምን ዓይን ይመለከት እንደ ነበር ያሳያልና።

ነገሩ ይልቁንም የሚገለጠው በባልባላ ነው። በነሐሴ 1966 ጄኔራል ደጎል ጅቡቲን በጐበኙ ጊዜ ነፃነት የሚጠይቅ ሕዝብ ተነሣ፤ ሁከቱም ደም አፈሰሰ። ከዚያ በኋላ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ከገጠር የሚመጣው ሰው እንዳይገባ ከተማዪቱን በሽቦ አጥር ከበባት። ማለፍ የተከለከለው ከአጥሩ ውጭ በጣውላና በቆርቆሮ ጎጆውን ቀለሰ። ለዚህ ሰፈር ቁጥር የሰጠው ሹም አልነበረም። ባልባላ የሚለውን ስም በዚያ ከሚገኘው የመርከብ መሪ መብራት ብልጭታ ጋር የሚያያይዙት አሉ። በ1967 ግዛቲቱ ራሷ ከ«ፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» ወደ «የፈረንሳይ የዓፋርና የኢሳ ግዛት» ስሟ ተለወጠ፤ በሰኔ 1977 ነፃ ስትወጣ ደግሞ የጅቡቲ ሪፑብሊክ ተባለች። የአገሪቱ ስም በአሥር ዓመት ሁለት ጊዜ ሲለወጥ፣ ባልባላ ግን ባልባላ እንደ ሆነ ቀረ።

ከባልባላ ወዲያ «ፔ ካ 12» የሚባል ሰፈር ይገኛል። ፔና ካ «የኪሎ ሜትር ምልክት» የሚለው የፈረንሳይኛ ሐረግ መነሻ ፊደላት ናቸው፤ 12ም ከከተማዪቱ ያለው ርቀት ነው። በዚያው መንገድ 13፣ 20 እና 51 የሚባሉም አሉ። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ለምንል ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለገሃርም ቢሆን «ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተወልዶ የራሳችን ሆኗል። የመንገድ ሥራ ሹም ድንጋዩን ሲተክል ርቀት መለካቱ እንጂ መንደር መሰየሙ አልነበረም። በድንጋዩ አጠገብ ግን ሰው ተቀመጠ፤ ሻይ የሚያፈላ፣ ጎማ የሚጠግን፣ እንጀራ የሚሸጥ መጣ፤ ከኢትዮጵያ የሚወርደውም የጭነት መኪና ሾፌር ማረፊያ አደረገው። ዛሬ ከተማዪቱ ተዘርግታ እስከዚያ ደርሳለች። በዚያ የሚወለደው ልጅ አገርህ ወዴት ነው ቢሉት «12» ብሎ ይመልሳል።